የታመመ ሰው ይተኛ፤ ደመወዙም ይከፈለው

አምስት መቶ ዶላር። በፈረንጆቹ 2020 ጸደይ፣ ኮሮና የአሜሪካን ከተሞች አንድ በአንድ ሲያዘጋ፣ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት ሱ ፎልስ ከተማ የሚገኘው የስሚዝፊልድ የአሳማ ስጋ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ያቀረበው ገንዘብ ነው። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ሳትቀሩ ግቡ፣ 500 ዶላር ጉርሻ አላችሁ ተባሉ። በሰዓት 15 እና 16 ዶላር የሚሠራ፣ ኪራይ የደረሰበት፣ አገር ቤት እናቱ በየወሩ እጁን የምትጠብቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጉሮሮው እየከረከረው፣ ጉልበቱ እየተብረከረከ፣ ሁለት ታይለኖል ውጦ ይገባል።

ነገሩ አደባባይ ሲወጣ ካምፓኒው በኮሮና ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ጉርሻውን አያጣም ብሏል። ይህ መልስ አይዋጥልኝም። በዚያ ሰሞን ምርመራ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ማለዳ ትኩሳት ተሰምቶት የሚነቃ ሰው የያዘው ጉንፋን ይሁን ኮሮና የሚነግረው አልነበረም። በእጁ የሐኪም ወረቀት ሳይኖር ቢቀር ገንዘቡን እንደማያጣ ማን ዋስ ይሆነዋል? ስለዚህ ለባብሶ ይወጣል። ሠራተኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የሰው ኃይል ክፍልና የሕግ አማካሪ ያለው ትልቅ ድርጅት በወረርሽኝ መሃል እንዲህ ያለ ጉርሻ ሲያውጅ፣ ታማችሁም ቢሆን ኑ ማለቱ ነው።

«ያለፈ ነገር አንስቶ ምን ይሠራል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አላለፈም። ያኔ ሰው ታሞ ሥራ እንዲገባ ያደረገው አሠራር ዛሬም በአብዛኛው እንዳለ ነው፤ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የሚያገኘን እዚያው ላይ ቆመን ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የሥራ ቦታን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው፣ የታመመ ሰው ደመወዙ ሳይቆረጥበት ቤቱ እንዲተኛ ማድረግ ነው። ከታመመ ሰው ጋር የዋለውም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ይህ በሽታ ምልክት ሳያሳይ ይተላለፋል። ማስኩ፣ ሳኒታይዘሩ፣ በር ላይ ግንባር የሚለካው ቴርሞሜትር፣ የፕላስቲክ መከለያው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ፣ ሁሉም የየራሱ ጥቅም አለው። ቫይረሱ ግን በር አንኳኩቶ አይገባም፤ የሚገባው በሰው ሳንባ ውስጥ ሆኖ ነው። ያ ሰው እንዳይገባ የሚያስችለው ደግሞ ቢቀርም ልጆቹ እንደማይራቡ ማወቁ ነው። ይህን ወጪ ላለማውጣት ስንቱ ነገር እንደተደረገ አይቻለሁ፤ ስለዚህም ነው የምቆጣው።

ጉዳዩ የእኛ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠር ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚባለው፣ ባለሙያዎቹን በኤፕሪል 2020 ወደ ሱ ፎልስ ልኮ ነበር። ባለሙያዎቹ በጻፉት ሪፖርት ፋብሪካው ውስጥ 40 ቋንቋ እንደሚነገር ጠቅሰው፣ ብዙ ተናጋሪ ያላቸውን አሥሩን ዘርዝረዋል። አማርኛ አለ። ትግርኛ አለ። ኦሮምኛ አለ። ኩናምኛ አለ። ከአሥሩ አራቱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ሰዎች ቋንቋ ናቸው። በዚያ ፋብሪካ የአሳማ ስጋ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ክርስቲያንና ሙስሊም ወገኖቻችን ቀኑን ሙሉ አሳማ ሲገነጥሉ ይውሉ ነበር። ፋብሪካው ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚዘጋ የተነገረው ኤፕሪል 12 ነው፤ በእኛ የሆሳዕና ዕለት። በዚያ ዓመት ፋሲካን ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ ክፍል ዘግቶ፣ ምግቡ በር ላይ እየተቀመጠለት ያሳለፈ ሰው ጥቂት አይደለም።

በዚያው ሪፖርት፣ ሲታመም ወደ ቤት ለሚሸኘው ሠራተኛ የሚሰጠው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ እንደነበር ሰፍሯል። ብዙ ሰው የተናደደው በዚህ ነው። ትርጉም ይሠራ፣ በአማርኛ ይለጠፍ፣ በቪዲዮ ይነገር ተባለ፤ ማኅበሮቻችንም ለዚህ ሮጡ። ማንም በማያነበው ቋንቋ ወረቀት መስጠት ንቀት መሆኑን አልክድም። ግን ያ ወረቀት በጠራ አማርኛ ተጽፎ ቢሆንስ ኖሮ? «ትኩሳት ካለብዎ ከቤት አይውጡ» የሚለውን ሰውየው አንብቦ ይረዳዋል። ከዚያም ባንክ ያለውን ገንዘብ ያያል፣ የኪራዩን ቀን ይቆጥራል፣ ተነስቶ ይሄዳል። ወገኖቻችን መረጃ አጥተው አልሞቱም። በሽታው ምን እንደሚያደርግ በየስልካቸው ሌት ተቀን ሲሰሙ ነበር። የጎደላቸው ቤት የሚያውል ደመወዝ ነው።

እኔም ከሱ ፎልስ ርቆ በሚገኝ፣ ስሙን በማላነሳው የስጋ ፋብሪካ ላይን ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ። ያልገባበት ሰው እንዲያውቀው ልንገረው። ክፍሉ ስጋው እንዳይበላሽ ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል። በአንድ እጅ ቢላዋ ይያዛል፣ በሌላው የብረት ጓንት ይጠለቃል። ከግራም ከቀኝም ያለው ሰው ክርኑ ክርንህን ይነካዋል፤ ስጋው በቤልቱ ላይ ሲመጣ ራቅ ብለህ ልትቆም ብትፈልግ ቦታ የለም፣ ቢኖርም እጅህ አይደርስም። ማሽኑ ይጮኻል። ጆሮህ በመድፈኛ ተደፍኗል። ስለዚህ ጎረቤትህ አንድ ነገር ሊልህ ሲፈልግ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ፣ አፉን ጆሮህ ሥር አድርጎ ይጮኽብሃል። የብሬክ ሰዓት ሲደርስ መቶ ምናምን ሰው ባንድ ጊዜ ይነቀላል፤ ሽርጥ መፍቻው ጋ፣ ሽንት ቤቱ ጋ፣ ሰዓት መምቻው ማሽን ጋ ይተፋፈጋል። መግቢያው ላይ «ስድስት ጫማ ተራራቁ» የሚል ተለጥፏል። ላይኑ ላይ ግን ሁለት ጫማ እንኳን የለም። ስድስት ጫማ ለማምጣት ላይኑን ማዘግየት፣ በየሺፍቱ የሚቆመውን ሰው መቀነስ፣ በቀን የሚታረደውን መቀነስ ነበረባቸው። አላደረጉትም።

ከጎኔ የሚቆሙ እናት ነበሩ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። አንድ ሰኞ ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ቢላዋውን የያዙበት እጅ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ፣ ታመዋል እኮ። ለምን አይቀሩም?»

«ልጄ፣ ፖይንቴ ሞልቷል። አንድ ከጨመሩብኝ ያሰናብቱኛል።»

ፖይንት ማለት እንዲህ ነው፤ ስትቀር ይጻፍብሃል፣ ስታረፍድ ይጻፍብሃል፣ ልጅህ ታሞ ብትሄድ ይጻፍብሃል። የተወሰነ ቁጥር ላይ ስትደርስ ባጅህ በር አይከፍትልህም። ወረርሽኙ ሲመጣ ይህ ደንብ ይነሳል ተብሎ በወሬ ደረጃ ሰማን፤ በጽሑፍ ያየ ግን አልነበረም፣ በጽሑፍ ያላየኸውን ነገር አምነህ እንጀራህን አታስይዝም። ለሱፐርቫይዘሩ ሄጄ ሴትዮዋ መታመማቸውን ነገርኩት። በር ላይ ሙቀታቸው ተለክቶ አልፈዋል አለኝ። አልፈዋል፤ ትኩሳት ማብረጃ ውጠዋላ! ቴርሞሜትሩን ማለፍ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርገዋል። በሳምንት ውስጥ ዙሪያቸውን የቆምነው አብዛኞቻችን ተኛን። እማማ ሆስፒታል ገብተው በሕይወት ወጡ፤ ዛሬም ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከእኛው መካከል «እሳቸው ናቸው ያመጡብን» የሚል ተነሳ። እኒያ እናት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዓይን ፈርተው ዳር ዳር መቆም ጀመሩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሳቸው አልነበረም።

ለዚህ ነው ሹማምንቱ ያኔ የተናገሩትን የማልረሳው። የሳውዝ ዳኮታ ገዥ የነበረችው ክሪስቲ ኖም በቴሌቪዥን ቀርባ፣ ስርጭቱ ከሞላ ጎደል በፋብሪካው ውስጥ የሆነ ሳይሆን ሠራተኞቹ በሚኖሩበት ቤት እንደሆነ፣ ብዙዎቹ በአንድ ሕንፃ፣ አንዳንዶቹም በአንድ አፓርታማ ስለሚኖሩ እንደሆነ ተናገረች። የካምፓኒው ቃል አቀባይም የአንዳንድ ባህል ሰዎች አኗኗር ከተለመደው የአሜሪካ ቤተሰብ ይለያል የሚል መልስ ለጋዜጠኛ ሰጠ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ሺህ ሰው ክርን ለክርን አቁመው ያሠሩ ሰዎች ጥፋቱን በእኛ ምድጃ ላይ ጣሉት።

ማስረጃው ግን እነሱን አይደግፍም። ሲዲሲ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ባወጣው ጥናት ከፋብሪካው 3,635 ሠራተኞች 929ኙ፣ ከአራቱ አንዱ ማለት ነው፣ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ተይዘው ተገኝተዋል። የተያዙት የት የት ነው? ስጋ መቁረጫው ክፍል 30.2 ከመቶ፣ እርድ ክፍሉ 29.4 ከመቶ፣ ሰው ተጠጋግቶ የሚቆምባቸው ቦታዎች ናቸው። በሰዓት ከሚከፈላቸው 26.8 ከመቶ ሲያዙ፣ በወር ደመወዝ ከሚተዳደሩት የተያዙት 14.8 ከመቶ ናቸው። «እነዚህኞቹ ሰፊ ቤት ስላላቸው ይሆናል» ሊባል ይችላል፤ እውነትም ሰፋ ያለ ቤት ይኖራቸው ይሆናል። ግን ያ የቤት ነገር ፋብሪካው ሲዘጋ የሆነውን አያብራራም። ወረርሽኙ ጣራ በነካበት ጊዜ በቀን በአማካይ 67 ሰው ይያዝ ነበር። ፋብሪካው መዘጋት ከጀመረ በኋላ ቁጥሩ በአጭር ጊዜ ወደ 10 ገደማ ወረደ። ሰዎቹ የት ሄዱ? ወደዚያው ወደተከሰሰው ቤታቸው ነዋ! ቀኑን ሙሉ፣ ከነቤተሰባቸው፣ በዚያው ጠባብ አፓርታማ ዋሉ፤ በሽታው ግን ቀነሰ። መነሻው ቤታቸው ቢሆን ኖሮ መባባስ ነበረበት።

የካምፓኒው ኃላፊዎችም አደጋውን የማያውቁት ነገር አልነበረም። በማርች 2020፣ ገና ነገሩ ሲጀመር፣ የስሚዝፊልድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ኬኔት ሱሊቫን ለነብራስካው ገዥ በጻፈው ደብዳቤ፣ ርቀት መጠበቅ ላፕቶፕ ላላቸው ሰዎች ብቻ የሚሠራ ቅንጦት ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት ደብዳቤውን አውጥቶታል። ይህን አንድ መሪ አስቦ፣ ጽፎ፣ ፈርሞ መላኩን ልብ በሉ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ሳንባ ይጠበቅለታል፤ ቢላዋ የያዘው አይጠበቅለትም።

ነገሩ ለሕዝብ የተሰማውም በካምፓኒው አይደለም። ማርች 25 ላይ የአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ በውሸት ስም በተከፈተ የፌስቡክ ገጽ ለከተማው ጋዜጣ ለአርገስ ሊደር ጥቆማ ላከች፤ እናትና አባቷ ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርታ ነው ስሟን የደበቀችው። ይህችን ልጅ አላውቃትም፤ ባገኛት እግሯ ሥር እወድቃለሁ። ከተማውን ያስጠነቀቀችው እሷ ናት። ገዥዋና ከንቲባው ቢያንስ ለ14 ቀን ይዘጋ ብለው የጻፉት ከዚያ ከሁለት ሳምንት በላይ ዘግይተው፣ ኤፕሪል 11 ቀን ነው።

መንግሥትስ? የአሜሪካ ምክር ቤት ማርች 18 ቀን 2020 ለታመመና ተለይቶ ለሚቆይ ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚያስከፍል ሕግ አወጣ። መልካም ሕግ ነበር። ግን ከ500 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በሕጉ አልተካተቱም። አንባቢ ይህን ደግሞ ያንብበው። አነስተኛው ምግብ ቤት እንዲከፍል ታዘዘ፤ ሦስት ሺህ ምናምን ሰው የሚያሠራው የስጋ ፋብሪካ ግን ሕጉ አይመለከተውም ተባለ። ሱ ፎልስ ላይ ሰው ሲወድቅ፣ ታሞ መተኛትን የሚከፍል ሕግ በእጃቸው ነበር፤ የእኛ ሰዎች ከበሩ ውጭ እንዲቀሩ ሆኖ ነው የተጻፈው። ያም ሕግ በዓመቱ መጨረሻ ጊዜው አለፈ። ዛሬም አሜሪካ በአገር አቀፍ ደረጃ የሕመም ፈቃድን በደመወዝ የሚያስገድድ ሕግ የላትም።

በአንጻሩ የስጋ ፋብሪካ እንዲከፈት ለማድረግ ብዙ ቀን አልፈጀም። ኤፕሪል 28 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ስጋ ማምረት እንዳይቋረጥ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረመ። ከዚያ ቀደም ብሎ የስጋ ኢንዱስትሪው ማኅበር የዚያኑ ዓይነት ትእዛዝ ረቂቅ ለመንግሥት ልኮ እንደነበር በኋላ በወጡ ኢሜይሎች ታውቋል። ሲዲሲና የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ ኤፕሪል 26 ባወጡት መመሪያ የጉርሻ አሠራሮች የታመመን ሰው ወደ ሥራ የሚገፋፉ እንዳይሆኑ ድርጅቶች እንዲፈትሹ መክረዋል። መክረዋል ነው የምላችሁ። ካምፓኒው እንዳይዘጋ ሲሆን ትእዛዝ፣ ሠራተኛው እንዳይሞት ሲሆን ምክር።

ቅጣቱንም ልንገራችሁ። ኦሻ በሴፕቴምበር 2020 ስሚዝፊልድን ቀጣ። በዚያ ፋብሪካ ቢያንስ 1,294 ሠራተኞች መታመማቸውን፣ አራት መሞታቸውን ጠቅሶ የጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነው። ቁጥሩ ለታማሚ ሲካፈል 10 ዶላር ከ43 ሳንቲም ይደርሳል። የአንድ ሰዓት ደመወዝ አይሞላም። ካምፓኒው በዓመት ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ያም ሆኖ ቅጣቱን ተቃውሞ ተከራከረ፤ በኖቬምበር 2021 ነው በስምምነት ያለቀው። ቅጣቱ እንዲህ ያነሰው ስለ አየር ወለድ በሽታ በስጋ ፋብሪካ የተጻፈ ደንብ ስላልነበረ፣ ኦሻም አንድ አጠቃላይ የሕግ አንቀጽ ብቻ ይዞ ስለቀረበ ነው። ኮሎራዶ ግሪሊ ውስጥ ስድስት ሠራተኞች የሞቱበት የጄቢኤስ የስጋ ፋብሪካ 15,615 ዶላር ተቀጣ። አዮዋ ዋተርሉ ላይ የሌላው የስጋ ድርጅት የታይሰን ኃላፊዎች ስንት ሠራተኛ ይታመማል ብለው ውርርድ ይዘዋል የሚል ክስ ቀርቦ፣ ካምፓኒው በዲሴምበር 2020 ሰባት ኃላፊዎችን አባረረ። የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በአምስቱ ትልልቅ የስጋ ድርጅቶች ቢያንስ 59,000 ሠራተኞች ተይዘዋል፣ 269 ሞተዋል። እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ሳይቀመጥላቸው፣ ሬሳቸው በወጉ ሳይሸኝ፣ ሃዘንተኛ በስልክ እየተጽናና የተቀበሩ ናቸው። ከመካከላቸው ያገሬ ሰው እንዳለ አውቄ ይህን ቁጥር ዝም ብዬ አላልፈውም።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። በዚያ ሰሞን ማይክ የያዙ የማኅበረሰብ መሪዎቻችን ምን አሉ? «እጃችሁን ታጠቡ፣ አትጨባበጡ፣ አትሰብሰቡ።» ልክ ነው፤ መባልም ነበረበት። ግን ከፋብሪካ ኃላፊ ጋር ፎቶ ተነስተው ካርቶን ማስክ ሲቀበሉ፣ የሕመም ቀን ደመወዝ ይከፈል ወይ ብለው የጠየቁትን አላየሁም። «ሥራ ሰጥተውናል፣ አናስቀይማቸው» የሚለውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሥራ ስጦታ አይደለም። ጉልበታችንን ሸጠን ነው የምንበላው፤ ሳንባችን በሽያጩ ውስጥ አልነበረም።

«ድሃ አገር ለቃችሁ መጥታችሁ...» ብሎ ለሚጀምርልኝም መልስ አለኝ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ ቦታ መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ድሃ የምትሏት አገር የጻፈችውን ሕግ የዓለም ሀብታሟ አገር እስከ ዛሬ አልጻፈችም። አገር ቤት ሕጉ በየፋብሪካው ይከበራል እያልኩ አይደለም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሳይቀሩ ለሚገቡ ልጃገረዶች የሚከፈል ጉርሻ የተለመደ ነው፤ ደመወዟ እዚህ ግባ የማይባል ልጅ ያን ጉርሻ ላለማጣት ታማ ትገባለች። የሱ ፎልሱም የሐዋሳውም ጉርሻ አንድ ዓይነት ክፋት ነው፤ ሁለቱም ቦታ መጥፋት አለበት።

ማድረግ ይቻል ነበር ወይ ለሚል፣ ተችሏል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ በጁላይ 2020 አስገዳጅ የኮሮና የሥራ ቦታ ደንብ በማውጣት ከግዛቶች ሁሉ ቀደመች። ሚኒሶታ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሠራተኛ በሠራው በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ከነክፍያው እንዲያገኝ፣ በዓመትም እስከ 48 ሰዓት እንዲደርስ በሕግ ደንግጋለች። ሱ ፎልስ ያሉትም በጁን 2021 በዩኒየናቸው አማካይነት ለአድማ ድምፅ ሲሰጡ 98 ከመቶው ደግፈው፣ የደመወዝ ጭማሪ አስፈርመዋል። ካምፓኒው መስጠት የሚችለውን የሚሰጠው ሲገደድ ነው። የሚኒሶታው 48 ሰዓት ስድስት የሥራ ቀን ነው፤ ለጉንፋን ይበቃል፣ ለወረርሽኝ አይበቃም። ግን ከዜሮ ይሻላል፤ ሳውዝ ዳኮታ ላይ ያለው ዜሮ ነው።

ቀጣዩ ወረርሽኝም ሩቅ አይደለም። በጁላይ 2024 ኮሎራዶ ውስጥ የወፍ ጉንፋን የያዛቸውን ዶሮዎች እንዲያስወግዱ የተሰማሩ ሠራተኞች ራሳቸው በቫይረሱ ተያዙ። ከባድ ሙቀት ነበር፤ ዶሮ ቤቱ ውስጥ የሚነፋው ትልቅ ማራገቢያ ላባውንና አቧራውን ያነሳዋል፤ በዚያ ሙቀት ማስኩና መነጽሩ ፊት ላይ በወጉ አልቀመጥ ብሎ ነበር። እነዚህ ሠራተኞች ቀላል ሕመም ታመው ዳኑ፤ ቫይረሱም ከሰው ወደ ሰው መዛመት አልጀመረም። ከጀመረ ግን በዶሮና በከብት ፋብሪካ በር ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው በግልጽ ይታወቅ። የሕመም ፈቃድ ከተቀጠሩበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ዓመት ሳይጠበቅ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ሐኪም ወረቀት፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ወረቀት ለማግኘት ብቻ መቶ ዶላር እንዳያወጣ። ወረርሽኝ ሲታወጅ ከታመመ ሰው ጎን የዋለው ሁሉ ከነደመወዙ ቤቱ ይቆይ። በሕመም ለቀረ ፖይንት የሚባል ነገር አይጻፍበት። ሳትቀር ለገባህ የሚል ጉርሻ ከናካቴው ይከልከል። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ በዩኒየን ውል ውስጥ ይግባ፤ ዩኒየን በሌለበት በግዛት ሕግ ይጻፍ።

በምርጫ ሰሞን እጩዎች በየቤተ ክርስቲያናችንና በየመስጊዳችን ይመጣሉ። ነጠላ እናለብሳቸዋለን፣ ቡና እናቀርባለን፣ ማይክ እንሰጣለን። ከእንግዲህ ማይኩን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁልኝ፤ የታመመ ሠራተኛ ስንት ቀን ከነደመወዙ ይተኛል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን ወጪ? ቀኑን በቁጥር ከነገራችሁ ይናገር፣ ቃሉን ጽፋችሁ ያዙበት። «ጉዳዩን እናጠናዋለን» ካለ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ፣ ማይኩን ለሚቀጥለው ስጡት።